ሃምሳ ሁለት ኪሎ

በ1981 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ናዝሬት በአቧራና በሙቀት በታፈነችበት ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ መጣና በአውራጃችን የኤድስ በሽታ የተገኘባቸውን ሰዎች ሁሉ በአንድ ቅጽ ላይ አስፍሩልኝ አለ። ኃይለጊዮርጊስ ይባላል። ትምህርቱን ቡዳፔስት ጨርሶ የተመለሰ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በዚያ ሙቀት እንኳ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነበር። አለቃዬ አቶ ገሠሠ ሰውየው ገና ወሬውን ሳይጨርስለት «ጓድ ሙሉብርሃን ትሠራዋለች» ብሎ ወደ ስብሰባው ሄደ። እኔ ነኝ ሙሉብርሃን።

በጤና ጽሕፈት ቤታችን የስታቲስቲክስ ሠራተኛዋ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሲስተር ይለኛል እንጂ ነርስ አይደለሁም፤ በሕይወቴ መርፌ የያዝኩት ቁልፍ ለመትከል ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያደረግሁት ሌላው የቆጠረውን መደመር ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ የድምር ስህተት አልተገኘብኝም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ችግሩ መዝገባችን አራት ቦታ መሆኑ ነው። ደም ባንክ ሰውን በቁጥር ብቻ ያውቀዋል፣ ስም አይጽፍም። የሳንባ ነቀርሳ ክሊኒኩ ስም ከነአያት ይጽፋል፣ ቁጥሩን ግን በየዓመቱ መስከረም ላይ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። አባለዘር ክሊኒክ ደግሞ እውነተኛ ስሙን የሚናገር ሰው የለም፤ እዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ አበበ ከበደ ታክሟል። አራተኛው ከሶደሬ ወዲያ ያለው የስኳር እርሻ ሆስፒታል ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። እርሻው ሰውን የሚያውቀው በሥራ ካርዱ ነው፤ ካርዱ ላይ ስምና ቁጥር እንጂ ፎቶግራፍ የለበትም።

ኃይለጊዮርጊስ ግን «አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር» ይላል። እየሄደ ይለዋል፣ ሻይ እየጠጣ ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አንድ ሰው ነቀርሳ ክሊኒክም ደም ባንክም ከተመዘገበ እኛ ሁለት ሰው ብለን ለአዲስ አበባ ስንልክ ከርመናል። ያናደደኝ ሐሳቡ ሳይሆን አሥር ዓመት የተዘበራረቀውን በሦስት ሳምንት አስተካክሉ ማለቱ ነው። ቅጹ አሥራ አራት አምድ አለው፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሥራ፣ የትውልድ ቀበሌ፣ ምን የሌለ አለ። ከላይ እስከ ታች አንብቤ ጨረስኩና «ለሰውየው መነገሩ የት ነው የሚጻፈው?» አልኩት።

«ይህ የመረጃ ቅጽ ነው፣ ሲስተር» አለኝ። «ለሰዎች የሚነግረው ሌላ ክፍል ነው።»

«የትኛው ክፍል?»

«ወደፊት የሚቋቋም።»

ቅጹን አጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከአዲስ አበባው ላቦራቶሪ የመጣው ውጤት አሥራ ስድስት ሰው ነበር። አምስቱ ከእርሻው ናቸው። እርሻው ሆስፒታል ለቂጥኝ ምርመራ ከወሰደው ደም የተረፈውን ልኮ ነው ያስመረመረው፤ ውጤቱም ስም ሳይሆን የካርድ ቁጥር ይዞ ተመለሰ። ከአምስቱ አንዱ ቁጥር 2417 ነው። 2417 ደግሞ ሰንበታ ወዬሳ የሚባል፣ አርባ ስድስት ዓመት የሆነው፣ የአምስት ልጆች አባት፣ ሸንኮራ መጭመቂያው ላይ የሚሠራ ቋሚ ሠራተኛ ነው።

የእርሻው አስተዳደር ወሬውን የሰማው ከእኛ ቀድሞ ነበር። ጽፎ ላከልን፤ ስማቸው የተረጋገጠው ሰዎች ዝርዝር እስከ ሰኔ 30 ይድረሰን፣ በሽታው ያለበት ሰው ከስኳር ምርት ተነሥቶ የድርጅቱን ቤት በአንድ ወር ውስጥ ይለቅቃል ይላል። በሽታው በስኳር አይተላለፍም ብለን መልስ ጻፍን። እነሱም ስለ ጽሑፋችን አመስግነውን ዝርዝሩን መልሰው ጠየቁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እንግዲህ ያ ቅጽ ላይ የሰንበታ ስም ከገባ ሥራውም ቤቱም የለም ማለት ነው።

እኔም መጀመሪያ ላይ አላመነታሁም፣ ልዋሽ አልፈልግም። ቁጥሩ 2417 ነው፣ 2417 ሰንበታ ነው፣ አለቀ። ለዕድሜና ለፆታ አምዱ ብዬ ብቻ የካርዱን ሙሉ የሕክምና ታሪክ ከእርሻው አስመጣሁ። እሱን ማስመጣት አልነበረብኝም።

በ1978 የካቲት ወር ቁጥር 2417 ክንዱ ተሰብሮ በጄሶ ታስሮለታል። ይሁን። በ1979 ግንቦት ምጥ ይዞት መጥቶ ሴት ልጅ ተገላግሏል። ሚስቱ ትሆናለች ብዬ አለፍኩ፤ ከታች ስመለከት ሚስቱ የራሷ ካርድ አላት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የወተት ጥርሱ ተነቅሏል። በ1980 ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ወደ አዲስ አበባ ተልኳል። ከተላከ በሦስተኛው ሳምንት ኩፍኝ ወጥቶበታል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩና ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ንዴት ሆነ። ይህ ሰው በአራት ዓመት ውስጥ ወልዷል፣ ጃጅቷል፣ መልሶም ሕፃን ሆኗል። እኔ ደግሞ ይህን አንድ ሰው ብዬ አንድ ቁጥር ልሰጠው ነው።

ቤት ስሄድም ዕረፍት አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ተክለሃይማኖት ሐምሌ 9 ቀን ሊያገባ ነበርና ቤቱ የሰርግ ቤት ሆኗል። በልጅነቱ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። በጥቅምት ወር ብሔራዊ ውትድርና ሽሽት ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለው አገራችን መጥቶ እኔ ጋ ተደበቀ። ታኅሣሥ ላይ ወባ ይዞት፣ መታወቂያ ስለሌለው የከተማው ክሊኒክ አልቀበልም ብሎት፣ ሰው ለምኜ ነው ያሳከምኩት። አሁን በስንት ደጅ ጥናት የቀበሌ መታወቂያ ወጥቶለት ጋራዥ ተቀጥሯል። ያገባ ወንድ ለውትድርና አይወሰድም የሚል ወሬ ስላለ ቶሎ አግባ ብዬ የገፋፋሁትም እኔው ነኝ። ሙሽራዋ ሻሼ ትባላለች፤ የጎረቤታችን ልጅ ናት፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ሰኔ 27 ቀን እርሻው ድረስ ሄጄ ነገሩን ለማጥራት ወሰንኩ። ኃይለጊዮርጊስ በላንድሮቨሩ ሂጂ አለኝ። ላንድሮቨሩ አለ፤ የወሩ ነዳጅ ግን ከአቶ ገሠሠ ስብሰባዎች ጋር አልቋል። በአውቶቡስ እስከ መገንጠያው ሄድኩ፣ ከዚያ ጋሪ ተሳፈርኩ። ፈረሱ የሚያሳዝን ከሲታ ነው፤ ባለጋሪው ግን መንገዱን ሙሉ ስለ እግር ኳስ ያወራኛል። እርሻው በር ስደርስ ቀሚሴ አፈር ለብሶ ነበር።

የሆስፒታሉን መዝገብ የሚይዘው ጋሽ አብዱናሲር ነው። ከአርሲ የመጣ፣ ጢሙን ሒና የሚቀባ፣ ሃያ ዓመት በዚያች ጠባብ ክፍል የኖረ ሰው ነው። በየወሩ ሪፖርት ይዞልኝ ስለሚመጣ እንተዋወቃለን። በዕድሜም አባቴ ይሆናል። የ2417ን ወረቀት ፊቱ ዘረጋሁለት።

«ጋሼ፣ ይህ ሰው ወልዷል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«በወለደ በሦስት ወሩ የወተት ጥርሱ ተነቅሏል። ይህን ነው እየላኩልኝ ስደምር የኖርኩት?»

መነጽሩን አወለቀ። «ልጄ ሙሉ፣ ቋሚ ሠራተኛ በነፃ ይታከማል። ሸንኮራ ቆራጩ ቋሚ አይደለም። ከከምባታ፣ ከወላይታ በእግሩ መጥቶ ስድስት ወር ይቆርጣል፣ ሲታመም ግን ካርድ የለህም ይባላል። እና ካርድ ያለው ያውሰዋል። ሰንበታ ደግሞ የጠየቀውን ሰው እምቢ ማለት አያውቅበትም። ካርዱ የእሱ ነው፤ በሽታው የሰፈሩ ነው።»

«እርስዎስ? እያዩ ይጽፋሉ?»

«እኔ የማየው ካርዱን ነው።» ከዚያ ትንሽ እንደ ማፈር ብሎ ጨመረ። «ሚዛኑን ግን አይቼ ነው የምጽፈው። ሚዛን ላይ ዋሽቼ አላውቅም።»

ይህን ሲል ነው የኪሎውን አምድ ያየሁት። እዚያ ሆስፒታል ማንም ሰው ሐኪም ፊት ከመቅረቡ በፊት ይመዘናል፤ ጋሽ አብዱናሲርም በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ ኪሎውን ይጽፋል። በጣቴ ወደ ታች ወረድኩ። ሰባ አራት። አርባ ዘጠኝ። ሃያ ሦስት። ስድሳ። ሰባ አራት። አሥራ አንድ። ሰባ አምስት። አንድ ሰው መስሎ የተጻፈው ሁሉ በኪሎ እየተለየ ወጣልኝ። ሰባ አራቱ ራሱ ሰንበታ ነው። አርባ ዘጠኟ የወለደችው ናት። ደሙ የተወሰደበት ቀን ታኅሣሥ 14 ነው፤ እሱ ጋ ደረስኩ።

ሃምሳ ሁለት ኪሎ።

እንደዚያ ቀን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም። «ሰንበታ አይደለም» አልኩ። «ደሙ የእሱ አይደለም። ሃምሳ ሁለት ኪሎ ማን ነው?»

ጋሽ አብዱናሲር መነጽሩን በጋቢው ጫፍ ሲወለውል ቆየ። «ካርዱን የሰጠው እሱ ነው፣ እሱን ጠይቂው» አለና ሰው ልኮ ከመጭመቂያው አስጠራልኝ።

ሰንበታ ሲገባ ክፍሉ ጠበበ። ትከሻው ሰፊ ነው፣ ጫማው ላይ የሞላሰስ ጭቃ ደርቋል። «አካም ጂርታ፣ ሲስተር» ብሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አቶ ሰንበታ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን ካርድዎን ለማን ነው የሰጡት?»

«ካርዴ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።»

«ካርድዎ ወልዷል።»

ትንሽ አሰበ። «በሰላም ነው የተገላገለው» አለ።

ልስቅ ዳድቶኝ ነበር፣ ግን ጊዜ አልነበረኝም። ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳሁት። ምርመራው ምን እንደሆነ፣ ቁጥሩ እንደ ወጣ፣ አስተዳደሩ ምን ብሎ እንደጻፈ። ሁሉንም ሰምቶታል። የልጆቹ ትምህርት ቤት እርሻው ውስጥ እንደሆነ፣ ቤቱን ቢነጠቅ የሚገባበት እንደሌለው እሱ ራሱ ነገረኝ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ። ኪሎውን አሳየሁት። እርስዎ አይደሉም፣ ይኸው ማስረጃው፣ የሰውየውን ስም ብቻ ይንገሩኝና በእርስዎ ፈንታ እጽፈዋለሁ አልኩት።

«መድኃኒት አለው?» አለኝ።

«የለውም።»

«ታዲያ ስሙን ምን ልታደርጉበት ነው?»

አሥራ ሁለት ዓመት ስም ስሰበስብ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። መልሱን ፈልጌ ሳገኘው ጊዜ ድምፄ ከፍ አለ። «ለሌላ ሰው እንዳያስተላልፍ ነው። ሳያውቀው ደም ሊሰጥ ይችላል። ነገ ሊያገባ ይችላል። አንዲት ምንም የማታውቅ የሰው ልጅ አግብቶ አብረው ሊያልቁ ይችላሉ። ይህ አይታይዎትም?»

ሰንበታ እጁን አየ። ከዚያ ጋሽ አብዱናሲርን አየ። ጋሽ አብዱናሲር መስኮቱን አየ።

«ስሙ አደራ ነው፣ ሲስተር» አለ ሰንበታ። «ለመንግሥት መስጠት የምችለው የራሴን ነው።»

«አምስት ልጅ ይዘህ ሜዳ ላይ ልትወድቅ ነው እኮ።» ተናድጄ አንቱታውን ጣልኩት። «ይህ ጀግንነት አይደለም፣ ድድብና ነው። ሰውየው ቤቱ ተኝቶ አንተ ትባረርለታለህ?»

«ሆድ ይፍጀው።»

«እንግዲያው የአንተን ስም እጽፋለሁ።»

«ይጻፉት» አለና ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «ሰውየው ግን ሳይነገረው እንዳይቀር። እነግረዋለሁ ብዬ ነበር፣ እኔ አነጋገሩን አላውቅበትም። እርስዎ ያውቁበታል።»

ወረቀቴን እየሰበሰብኩ የማልለው አልነበረም። ሕዝቡን ሰደብኩ፣ ካርድ ማዋስን ሰደብኩ፣ አስተዳደሩን፣ ቡዳፔስትን፣ የላንድሮቨሩን ነዳጅ ሁሉ ሰደብኩ። ሰው ለራሱ ካላዘነ እኔ ምን አገባኝ አልኩ። ጋሽ አብዱናሲር እስከ በሩ ሸኘኝ። ጋሪው ይጠብቀኝ ነበር።

«ታኅሣሥ ላይ የላክሽልኝ ልጅ፣ ወንድምሽ፣ ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው፤ ሊያገባ ነው እኮ። ሐምሌ 9 ይመጣሉ አይደል? ለእናንተ ለብቻ ነው የሚታረደው።»

የፈረሱን ልጓም ይዞ ቆመ። ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ያኔ በምን ካርድ ያሳከምኩት መሰለሽ?» አለኝ።

አንድ እግሬን ጋሪው ላይ ሰቅዬ ነበር። እንደዚያው ቀረሁ። ያኔ «ጋሼ፣ እንደ ምንም ብለው ያሳክሙልኝ» ብዬ ብጣሽ ወረቀት ጽፌ ነው የላክሁት። እንደ ምንም ማለት ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሥራዬ መጠየቅ ሆኖ ሳለ ያን ቀን አልጠየቅሁም።

«ወባ ነው ያለኝ» አልኩ።

«ወባ አልነበረም። ለእህት የሚነገር አይደለም ብሎ ለመነኝ።»

ሰንበታ ሰውየው የማን ወንድም እንደሆነ ያውቅ ነበር። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ድድብና ነው እያልኩ ስጮህበት፣ ሰውየው ቤቱ ተኝቶ ስለው፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የእኔኑ ወንድም ከእኔ ይሸሽግ ነበር። ለወንድሜ ብቻ አይደለም፤ ለእኔም አዝኖ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል እሰማ ነበር፤ ለእኔ የተተረተ አይመስለኝም ነበር። ባለጋሪው ስለ እግር ኳስ ሊያወራኝ ጀመረ፣ ፊቴን ሲያይ ተወው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ሰው ሞቶብሽ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። አይ፣ ደህና ነው አልኳቸው።

ቤት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ተክለሃይማኖት ልብስ ሰፊው የላከለትን ኮት ለብሶ መስተዋቱ ፊት ቆሟል። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። «ጠባብ ይሻል ነበር፣ አይደል?» አለኝ። ከዚያ በፊት ሰው የሚሞትበትን ቁጥር በሺህ ጽፌያለሁ፤ አንድም ቀን ለአንድ ሰው ነግሬ አላውቅም። ሰንበታ ያውቁበታል ያለው በከንቱ ነው።

«ኮቱን አውልቀውና ተቀመጥ» አልኩት።

ነገርኩት። በቅደም ተከተል ለመንገር ሞክሬ ነበር፤ ግማሹን ከመጨረሻው ጀመርኩት። ሁለት ጊዜ «ስህተት ቢሆንስ?» አለኝ። እኔም ይሆናል ማለት ፈልጌ ነበር። ዓለም ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ ለእሱ መዋሸት እንዴት እንዳማረኝ እኔ ነኝ የማውቀው። በሥራዬ የማላውቀው ስህተት ያን ቀን ቢገኝብኝ ጫማዬን አውልቄ ኩክ የለሽ ማርያም ድረስ በእግሬ በሄድኩ። ግን ሚዛን ላይ ያልዋሸ ሰው የጻፈው ነው። እኔ አለቀስኩ፣ እሱ አላለቀሰም። በመጨረሻ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለሻሼ ማን ይነግራታል?»

«እኔ እነግራታለሁ።»

«አይ» አለ። «ለእሷ የምነግራት እኔ ነኝ።»

በማግሥቱ ጠዋት ሄዶ ነገራት። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ሻሼ መጥታ በራችን ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ረጅም ሰዓት ተቀምጣ ሄደች። ሰርጉ ቀረ። ለሰው ወባው አገርሽቶበት ነው አልን።

ሰኔ 30 ቀን ቅጹን ከመሳቢያዬ አወጣሁ። አሥራ አምስቱን ሰው ሞላሁ፤ የሌሎቹ አራት የእርሻው ካርዶች ኪሎ ከባለቤቶቻቸው ጋር ገጥሞ ነበር። የቀረው 2417 ነው። ደሙ የካርዱ ባለቤት አይደለም ብዬ በኪሎው ማስረጃ ብጽፍ ሰንበታ ይድናል፤ ግን አስተዳደሩ ካርድ ማዋሱን ደርሶበት ይዘጋዋል፣ ሸንኮራ ቆራጩም ጋሽ አብዱናሲርም አብረው ይጠፋሉ። የወንድሜን ስም ብጽፍ ከጋራዥ ይባረራል፣ የቀበሌው ሰውም ከየት መጣ ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በጽሕፈት ቤቱ ወረቀት ላይ በጽሕፈት መኪና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ቁጥር 2417 በዝርዝሩ ላይ የወጣው የስታቲስቲክስ ሠራተኛዋ ውጤቱን ስትገለብጥ በፈጸመችው ስህተት ነው። የካርዱ ባለቤት በዚህ ምርመራ የለበትም።» ፈረምኩበት። አቶ ገሠሠ አንብቦ ማመን አቃተው፤ አሥራ ሁለት ዓመት፣ አለ። ከዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ለእሱ የሚመች ሥራ ስለሆነ ማስጠንቀቂያውን በዚያው ቀን ጨርሶ አደረሰልኝ።

ሰውየው ግን ከቁጥሩ መጥፋት የለበትም። አሥራ ስድስተኛው ረድፍ ላይ አዲስ ቁጥር ሰጠሁት፣ ወንድ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ብዬ፣ በስም አምዱ «ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹን ልዘጋው ስል የሰንበታ ነገር ትዝ አለኝ። ማስመሪያ አንሥቼ ከአሥራ አራተኛው አምድ ቀጥሎ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር አሰመርኩ፣ ከላዩ ላይ «ተነግሮታል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የሚሞላውን ሞላሁ።

ኃይለጊዮርጊስ ቅጹን ሊወስድ ሲመጣ ቆሞ ነው ያነበበው። ሰነፍ አይደለም፣ ያን አምድ ወዲያው አየው። ጣቱን ከላይ ወደ ታች አወረደ። አሥራ አምስት ባዶ ረድፍ አልፎ አሥራ ስድስተኛው ላይ ቆመ።

«ስሙ የማይታወቅ ሰው እንዴት ተነገረው?» አለኝ።

ፊቴን አየው፤ እኔም እሱን አየሁት። ወረቀቱ ላይ እንደገና አጎንብሶ ባዶዎቹን ረድፎች ቆጠራቸው፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

«እነዚህስ?» አለ። «ለእነዚህ ማን ነው የሚነግራቸው?»

«ወደፊት የሚቋቋመው ክፍል» አልኩት።

ላጲሱ ጠረጴዛዬ ላይ፣ እጁ አጠገብ ነበር። አላነሣውም። ቅጹን አምዱን እንደያዘ አቃፊው ውስጥ ከተተና ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።